መም፣ ፊሽካና የነጥብ ሠንጠረዥ፦ የአንድ ዓመት የሀውስ ውድድር ማስታወሻ

ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፦ ድልድል

ዘንድሮ የሀውስ ውድድሩን የማስተባብረው እኔ ነኝ። የወንዶች ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው ሁሉ የሚደለደልባቸው አራት ቡድኖች፣ ማለትም ሀውሶች፣ አሉን፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቢጫ። የዕድሜ ምድቡ ሦስት ነው፦ ከ13 በታች፣ ከ15 በታችና ከ18 በታች። ማስታወሻውን የምይዘው በሥራ መሀል ነው። ከእኔ በኋላ ለሚረከበው ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የያዝኩት ዓላማ አንድ ነው። ዋንጫውን ማን ወሰደ ከሚለው በላይ ስንት ልጅ ተጫወተ የሚለው ያሳስበኛል። ጎበዞቹ ምንም ብናደርግ ይጫወታሉ። ሥራው ያለው ከሌሎቹ ጋር ነው።

መጀመሪያ አዲስ ገቢዎችን መደልደል ነበረብን። በድሮው አሠራር አምበሎች ተራ በተራ ይመርጡ ነበር። መጨረሻ ላይ ሁለት ልጅ ብቻቸውን ቆመው ይቀራሉ። ሁሉም ያያቸዋል። እንዲህ የጀመረ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሜዳ ዝር አይልም። ስለዚህ ምርጫውን አስቀረነው።

በምትኩ ልጆቹን የ20 ሜትር ምልልስ ሩጫ አስሮጥናቸው። የሚያስፈልገው ሁለት መስመር፣ ጥቂት ኮንና የድምፅ ፋይሉ ብቻ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ8.5 ኪሎ ሜትር ተነስቶ በየደቂቃው በግማሽ ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ድምፁን የሳተ ይወጣል። ውጤቱን ከላይ ወደ ታች ደርድረን በእባብ ቅደም ተከተል ደለደልን፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፤ ቀጥሎ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ። እያለ ይቀጥላል። ወንድማማቾች አንድ ሀውስ ይገባሉ። ዘግይቶ የተመዘገበ ልጅ በቁጥር ወደሚያንሰው ሀውስ ይሄዳል። ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት ማንም ተማሪ አላየውም።

የሀውስ ውድድር የተጀመረው በእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው። ልጆቹ የሚጫወቱት በሚያድሩበት ቤት ተከፍለው ነበር። አብረው ስለሚበሉና ስለሚተኙ ቡድኑ ያለ ማንም ጥረት ይፈጠራል። የእኛ ልጆች ማታ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ሀውሱን የሚያገናኘው ጨዋታው ብቻ ነው። ያልተጫወተ ልጅ በወረቀት ላይ ብቻ ነው ቀይ ወይም ቢጫ የሚሆነው።

1ኛ ሳምንት፦ ዕቃ ቆጠራና ነጥብ

መጋዘኑን ከፈትን። ከኳሶቹ ግማሽ ያህሉ አየር አይዙም። አብዛኞቹ ስፌታቸው ላይ ነው የተቀደዱት። ምክንያቱ ከልክ በላይ መነፋት ነው። በሕጉ መሠረት የእግር ኳስ ግፊት ከ0.6 እስከ 1.1 ከባቢ አየር ነው። መንፊያው ግን ጌጅ፣ ማለትም የግፊት መለኪያ፣ የለውም። ልጆቹ ደግሞ ድንጋይ እስኪሆን ይነፉታል። ጌጅ ያለው መንፊያ ተገዛ። መርፌዎችም ለብቻቸው ተገዙ፤ ቶሎ ይሰበራሉ። መርፌውን ሳያረጥቡ መክተት ቫልቩን ስለሚቀድ መንፊያው ላይ ትንሽ ጠርሙስ ውሃ አሰርን።

በጀቱን በብዛት የበላው ማልያ ነው። ለሦስት ምድብ የሚሆን ሙሉ ማልያ ከመግዛት ይልቅ በአራቱ ቀለም ከላይ የሚጠለቅ ሰደርያ አሰፋን። መጠኑ ሁለት ብቻ፣ ትንሽና ትልቅ። ከጨዋታ በኋላ እዚያው ይመለሳል። ይህ ባይሆን ኖሮ ለሌላ ነገር የሚተርፍ ገንዘብ አይኖርም ነበር።

የነጥብ ሠንጠረዡ ከቀድሞው የተወረሰ ነው። በእያንዳንዱ ስፖርት 1ኛ 10፣ 2ኛ 6፣ 3ኛ 3፣ 4ኛ 1። ለመጀመሪያው ሴሚስተር ሳልነካው እንዲቀጥል ተውኩት።

2ኛ እስከ 6ኛ ሳምንት፦ እግር ኳስ

አራት ቡድን ሁሉም ከሁሉም ሲጫወት 6 ጨዋታ ነው። በሦስት ምድብ 18። ፕሮግራሙን ለማውጣት አንዱን ቡድን ቦታው ላይ አቁሞ ሌሎቹን ማዞር በቂ ነው።

አንደኛ ዙር፦ ቀይ ከቢጫ፣ ሰማያዊ ከአረንጓዴ።
ሁለተኛ ዙር፦ ቀይ ከአረንጓዴ፣ ቢጫ ከሰማያዊ።
ሦስተኛ ዙር፦ ቀይ ከሰማያዊ፣ አረንጓዴ ከቢጫ።

ሜዳው አንድ ነው። ሙሉ ሜዳ ላይ 22 ልጅ ብቻ ነው የሚጫወተው። በወርድ ከፈልነውና ሁለት ትናንሽ ሜዳ ወጣው። ሰባት ለሰባት። ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ። ጎሉ ተንቀሳቃሽ ነው፤ ከኋላ በአሸዋ ከረጢት ይያዛል። ይሄ የግድ ነው። ያልታሰረ ጎል ልጅ ሲንጠለጠልበት ይገለበጣል፤ ገዳይ አደጋ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ችግሩ ታየ። መቀያየር ያለ ገደብ ነው ብለን ነበር። አምበሎቹ ግን ሰባቱን አይነኳቸውም። ሌሎቹ ሰደርያ ለብሰው 40 ደቂቃ መስመር ዳር ይቆማሉ። አንዱን የአረንጓዴ አምበል ጠየቅኩት። «ቲቸር፣ ብሸነፍ ማን ነጥብ ይሰጠኛል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሠንጠረዡ የሚከፍለው ለማሸነፍ ብቻ ነው።

«ሁሉም ይግባ» የሚል ደንብ አወጣን። አልያዘም። ልጁን በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ያስገቡታል፤ ኳስ አይሰጡትም። ደንብ በማውጣት የሚገኘው ይሄው ነው።

ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ሌላ ሞከርን። እያንዳንዱ ሀውስ በየምድቡ ሁለት ቡድን ያቀርባል፦ ሀ እና ለ። በአንድ ሰዓት፣ ጎን ለጎን ባሉት ሁለት ሜዳዎች ይጫወታሉ። በሀ የተጫወተ በለ አይጫወትም። የለ ቡድን ድል ከሀ ቡድን ድል ጋር እኩል ነጥብ አለው። ነገሩን የቀየረው ይህ «እኩል» የሚለው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የሰማያዊ አምበል የለ ቡድኑን ልጆች በምሳ ሰዓት ሲያሠለጥን አገኘሁት። ማንም አላዘዘውም። ነጥብ እዚያ እንዳለ ስላየ ነው።

ዳኛ ግን እጥፍ አስፈለገ። ከ18 በታች ምድብ ፈቃደኛ ልጆች ወሰድን። ትንሽ ሥልጠና ሰጠን፦ የፊሽካ አነፋፍ፣ አቋቋም፣ የእጅ ምልክት። ከ13 በታች ምድብን ነው የሚያጫውቱት። በራሳቸው ሀውስ ጨዋታ አይዳኙም። ዳኛ ላይ የሚጮህ ተጫዋች ሁለት ደቂቃ ውጭ ይቆያል። ሁለት ልጆች ከተቀጡ በኋላ ጩኸቱ ቆመ።

7ኛ ሳምንት፦ ከ15 በታች

ይህ ምድብ ያስጨንቀኛል። የወንዶች ቁመት እጅግ በፍጥነት የሚጨምረው በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ ነው። አንዱ እዚያ በ12 ይደርሳል፣ ሌላው በ16። በአንድ ክፍል የተቀመጡ ሁለት ልጆች፣ አንዱ ጢም ሲያወጣ ሌላው ገና ሕፃን ነው። በልደት ቀን ብቻ ስንመድባቸው ቀድሞ ያደገው ሁሉንም ያሸንፋል። ጎበዝ ነው እንላለን። ዘግይቶ የሚያድገው አልችልም ብሎ ይተዋል። ሁለት ዓመት ቢታገስ ምናልባት ይበልጠው ነበር።

የልደት ወርም የራሱ ጫና አለው። የዕድሜ መቁረጫው ቀን ባለፈ በማግስቱ የተወለደ ልጅ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ከተወለደው ጋር አንድ ዓመት ያህል ይለያያል። የካናዳ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ ይህ ልዩነት በ1985 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተጠንቶ ታትሟል። ከዚያ ወዲህ በብዙ ስፖርት ታይቷል።

እኛ ለጊዜው ያደረግነው ትንሽ ነው። በዚህ ምድብ ተንሸራቶ መንጠቅ ተከለከለ። የለ ቡድን ሲሞላ ለቁመትም ትኩረት እንሰጣለን።

በዚሁ ሳምንት ሦስት ልጆች ጉልበታቸው ሥር አመመን ብለው መጡ። የሦስቱም ያበጠው አንድ ቦታ ነው፤ ከሎሚው ዝቅ ብሎ፣ የቅልጥሙ አናት ላይ። ሐኪም ዘንድ ላክናቸው። ኦስጉድ ሽላተር ይባላል። በፍጥነት የሚያድግ ልጅ ሲሮጥና ሲዘል የጭን ጡንቻው ጅማት ገና ያልጠነከረውን አጥንት እየጎተተ የሚያመጣው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዕድገቱ ሲያልቅ ይለቃል። ጫና መቀነስ እንጂ ሙሉ በሙሉ ማቆም ግድ አይደለም። ልጆቹን ከዝላይ አውጥተን ነጥብ መዝጋቢ አደረግናቸው። አንደኛው አሁን የውጤት ወረቀቱን ከእኔ በተሻለ ይይዛል።

9ኛ ሳምንት፦ አገር አቋራጭ

የዓመቱ ምርጥ ውድድር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ዕቃ አይፈልግም። ሁሉም ልጅ ይሮጣል። አሠራሩ ግን በደንብ ካልታሰበ ይበላሻል።

መሄጃው አንድ ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙር ነው። ከ13 በታች ሁለት ዙር፣ ከ15 በታች ሦስት፣ ከ18 በታች አራት። በሙከራው ቀን ትልልቆቹ መደራረብ ጀመሩ፤ ማን ስንተኛ ዙር ላይ እንዳለ ጠፋን። መፍትሔው ላስቲክ ሆነ። ልጁ ዙር በጨረሰ ቁጥር አንድ ባለ ቀለም የፀጉር ላስቲክ ይቀበላል፣ እጁ ላይ ያጠልቃል። ከትልልቆቹ ሦስት ላስቲክ ያለው ብቻ ወደ መጨረሻው ይገባል። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

መጨረሻው ላይ በችካልና በገመድ እየጠበበ የሚሄድ መተላለፊያ ሠራን። በአፉ ሰፊ ነው፤ በጫፉ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። መስመሩን ካለፉ በኋላ መቀዳደም የለም። ጫፉ ላይ የቆመው ተማሪ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ በተራ ያድላል። ልጁ ካርዱን ይዞ ወደ ሀውሱ ጠረጴዛ ሄዶ ስሙን ያስመዘግባል። በሙከራው ካርድ ኪሳቸው ከትተው የሄዱ ነበሩ። ስለዚህ ሌላ ተማሪ የየአንዳንዱን ልጅ የደረት ቁጥር በደረሰበት ቅደም ተከተል ይጽፋል። ሁለቱ ዝርዝር ሲጣሉ እሱን እናያለን።

ነጥቡ እንዲህ ነው። የደረስክበት ተራ ቁጥር ነጥብህ ነው። የሀውሱ ልጆች ቁጥር ሁሉ ይደመራል፣ ለተመዘገቡት ይካፈላል። ዝቅተኛው ያሸንፋል። ሳይሮጥ የቀረ ልጅ ከመጨረሻው ሯጭ አንድ የሚበልጥ ቁጥር ይሰጠዋል። የሐኪም ወረቀት ያለው ከድምሩም ከማካፈያውም ይወጣል።

በተለመደው አሠራር ከየቡድኑ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ልጆች ብቻ ይቆጠራሉ። እኛ ሁሉንም ቆጠርን። ስለዚህ ከ90ኛ ወደ 80ኛ ያለፈ ልጅ፣ ከ11ኛ ወደ 1ኛ ካለፈው ጋር በድምሩ ላይ እኩል ሠራ። ውድድሩ ሲጀመር አምበሎቹ ይህን ተረድተዋል። የቢጫ ትልልቅ ልጆች ሩጫቸውን ጨርሰው ወደ ኋላ ተመልሰው መስመር ዳር ቆመው የራሳቸውን ታናናሾች ስም እየጠሩ ነበር። እየተራመደ የነበረ ልጅ ስሙን ሲሰማ ይሮጣል። በቀድሞዎቹ ውድድሮች ያ ልጅ ማንም ሳያየው ነበር የሚገባው። ቢጫ አንድም ልጅ ሳይቀርበት ሦስቱንም ምድብ አሸነፈ። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ግን በአንዱም ምድብ ልጅ አልነበረውም።

የሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ፦ ዝናብና የቤት ውስጥ ጨዋታ

ሜዳው ጭቃ ሆነ። ወደ አዳራሽ ገባን።

ፒንግፖንግን በጥሎ ማለፍ ጀመርነው። 32 ልጅ ከተመዘገበ 31 ጨዋታ ነው፤ ለማስተባበር ቀላል ነው። ግን 16ቱ ከአንድ ጨዋታ በኋላ ወደ ቤት ሄዱ። የሄዱት ደግሞ ልምምድ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። የጀመርነውን ጨርሰን በሌላ ቀየርነው። ግድግዳ ላይ መሰላል ለጠፍን። የእያንዳንዱ ልጅ ስም በካርድ ላይ ተጽፎ ተሰቀለ። ማንም ልጅ ከበላዩ ካሉት ሁለት ስሞች አንዱን መግጠም ይችላል። ካሸነፈ ቦታ ይቀያየራሉ። የተጠየቀ በሦስት ቀን ውስጥ ካልተጫወተ ፎርፌ ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ እያንዳንዱ ሀውስ የልጆቹ አማካይ ቦታ ተሰልቶ ነጥብ ያገኛል። ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓት ጠረጴዛዎቹ ባዶ ሆነው አያውቁም። የጎደለን ኳስ ብቻ ነው፤ እየተረገጠ ያልቃል።

ቼዝ በስዊስ ሥርዓት ነው የሄደው። እኩል ነጥብ ያላቸው ይገናኛሉ፤ ማንም አይወጣም። ብዙ የምለው የለኝም፤ ያለ ችግር አለቀ።

ቅርጫት ኳስ የተፈለሰፈው ለእንዲህ ዓይነት ጊዜ ነው። ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል መምህር በ1891 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በክረምት አዳራሽ ውስጥ የታጎሩ ወጣቶችን ለማጫወት ሁለት የኮክ ፍሬ ቅርጫት አሰቀለ። ክፍሉ 18 ተማሪዎች ነበሩት፤ የመጀመሪያው ጨዋታ ዘጠኝ ለዘጠኝ ነበር። ማለትም ማንም ተቀያሪ ወንበር ላይ አልተቀመጠም። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለእኛም አንድ ነገር መጣልኝ። ጨዋታውን በአራት ሩብ ከፈልነው። ቡድኑ አሥር ልጅ ያስመዘግባል። አንደኛውና ሦስተኛው ሩብ የአምስቱ፣ ሁለተኛውና አራተኛው የሌሎቹ አምስት። አከፋፈሉን አምበሉ ይወስናል። አሰላለፉ ጨዋታው ሲጀመር ለነጥብ መዝጋቢው ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ አይቀየርም። ብልጦቹ አምበሎች ሁለቱን አምስት እኩል አደረጉ። ጎበዞቹን አንድ ላይ የሰበሰቡት በሁለት ሩብ የሰበሰቡትን በሌሎቹ ሁለት አፈሰሱት።

አንድ ልጅ ከሌላው ጋር ራስ ለራስ ተጋጨ። አልወደቀም። «ደህና ነኝ» አለ። ውጤቱን ስጠይቀው ግን አላወቀውም። አወጣነው፣ በዚያ ቀን አልተመለሰም፣ ወላጁ ተጠርቶ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ደንባችን አጭር ነው። ጭንቅላት ላይ ጥርጣሬ ካለ ጨዋታ የለም። ይህን አምበልም ዳኛም አይሽረውም።

የአጋማሽ ቆጠራ

ቀይ ከፊት ነው፤ አረንጓዴ ከኋላ። ቢጫ በአገር አቋራጩ ምክንያት ሁለተኛ ነው። ችግሩ አረንጓዴ ነው። ርቀቱ ሰፍቶ ልጆቹ መምጣት አቁመዋል። ለሁለት የቅርጫት ኳስ ጨዋታ አሥር ልጅ አላሟሉም።

አራቱን አምበሎችና የሀውስ መምህራን ሰበሰብኩ። የተጫወትነውን ነጥብ አንነካም ተባባልን። ለአትሌቲክሱ ግን አዲስ ክፍል ጨመርን፤ የመለኪያ ነጥብ። በየምድቡ ለእያንዳንዱ የሜዳና የመም ስፖርት አንድ መለኪያ ይወጣል። መለኪያውን ያለፈ ልጅ ሁሉ ለሀውሱ አንድ ነጥብ ያመጣል። ውድድር አይደለም፤ ከሰዓቱና ከሜትሩ ጋር ነው። አንድ ልጅ በሦስት ስፖርት መሞከር ይችላል። ካላለፈ በሚቀጥለው ቀን ይደግማል።

መለኪያውን ከመጽሐፍ አልወሰድነውም። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁሉንም ልጅ ለካን፣ ደረደርን፣ ከአራት ልጅ ሦስቱ ያህል ሊደርሱበት የሚችሉበት ቦታ ላይ መስመር አሰመርን። የቀይ አምበል ተቃወመ። ቀላል ነው አለ። ለእሱ ቀላል ነው። መስመሩ ግን ለእሱ አልተሰመረም።

መም መሥራት

ከሁሉም ሥራ ረጅሙ ይህ ነው። የ400 ሜትር መም ለሜዳችን አይበቃም። የ300 ሜትር መረጥን። ጥሩ አጋጣሚ ሆነ፤ 300 ለአራት ሲካፈል 75 ነው። ሁለቱ ቀጥታዎች 75፣ 75፤ ሁለቱ ኩርባዎች 75፣ 75። አራት ሀውስ፣ አራት ሌን (የየሯጩ መሮጫ መስመር)፣ አራት እኩል ክፍል።

ሒሳቡ። ኩርባው ግማሽ ክብ ነው። 75 ለፓይ ሲካፈል 23.87 ሜትር ይመጣል። ይህ የሚሮጥበት መስመር ሬዲየስ ነው። ከፍ ያለ ጠርዝ የሌለው መም የሚለካው ከውስጠኛው መስመር 20 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ነው። ስለዚህ የሚቀባው መስመር ሬዲየስ 23.67 ነው። የሌን ስፋት 1.22 ሜትር።

ዕቃ፦ 50 ሜትር የብረት ሜትር፣ ችካል፣ መዶሻ፣ ሲባጎ፣ ቀጭን ሽቦ፣ ሮለር፣ ቀለም። የጨርቅ ሜትር አይሆንም፤ ይለጠጣል። ገመድም እንዲሁ። በመጀመሪያው ቀን ኩርባውን በናይሎን ገመድ አዞርነው። የሳበው ልጅ ሲደክመው ክቡ ጠበበ። መነሻና መድረሻው ሳይገጥም ቀረ። በሽቦ ስንደግመው ገጠመ።

አራት ማዕዘኑን መጀመሪያ መትከል ያስፈልጋል። 75 በ47.34 ሜትር። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱ የሚረጋገጠው በሰያፉ ነው። ሁለቱም ሰያፎች 88.69 መሆን አለባቸው። የመጀመሪያው ሲለካ በ40 ሳንቲ ሜትር በለጠ። አንዱን ችካል አዛወርን፣ እንደገና ለካን። ይህ እስኪስተካከል ቀለም አይከፈትም።

መስመሩን በመጀመሪያ በጄሶ ሠራነው። አንድ ዝናብ ጠረገው። ኖራ ይሻላል ያሉን ነበሩ። አልተቀበልነውም፤ ኖራ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ልጆች ደግሞ ይወድቃሉ። በውሃ የሚበጠበጥ ነጭ ቀለም ተጠቀምን። ሣሩ በጣም አጭር ሆኖ መታጨድ አለበት። ረጅም ሣር ላይ የተቀባ ቀለም በሚቀጥለው ማጨድ አብሮ ይሄዳል።

የመነሻ ልዩነት። አንድ ሙሉ ዙር በየሌኑ ሲሮጥ ሁለተኛው ሌን 7.67 ሜትር ቀድሞ ይነሳል። ሦስተኛው 15.33፣ አራተኛው 23.00። ይህ 1.22 በሁለት ፓይ ሲባዛ የሚመጣ ነው። የሬዲየሱ ትልቅነት አይለውጠውም። ለልጆቹ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አሳየናቸው። ከ15 በታች ልጆች ራሳቸው አሰሉት፣ ራሳቸው ቀቡት።

የዱላ ቅብብሉን 4 በ75 አደረግነው። ሁለተኛ ሌን ላይ የመጀመሪያውና የሁለተኛው መቀባበያ 3.83 ሜትር ወደ ፊት ይገፋል፤ ቀሪ ኩርባ አንድ ብቻ ስለሆነ። ሦስተኛው መቀባበያ ላይ ግን ቀጥታ ብቻ ነው የቀረው፤ ሁሉም ሌን እኩል ነው። መቀባበያው 30 ሜትር ነው፦ ከርቀቱ መስመር በፊት 20፣ በኋላ 10።

ለ100 ሜትር ቀጥታውን በ25 ሜትር ወደ ኋላ ቀጠልነው። መነሻው ጀርባ 3 ሜትር፣ መድረሻው ፊት 17 ሜትር ነፃ ቦታ። በአጠቃላይ 120 ሜትር ቀጥ ያለ መሬት። አጥሩ ቅርብ ስለነበረ ፍራሽ አስደገፍንበት።

ቁልፍ ነጥቦቹ ላይ፣ ማለትም አራቱ ማዕዘን፣ ሁለቱ የኩርባ መሀል፣ መነሻና መድረሻ፣ የብረት ካስማ ከመሬት በታች ሰመጠ። የማጨጃው ምላጭ አይደርስበትም። ከአጥሩ ሁለት ቋሚ ምሰሶዎች ያለው ርቀት በወረቀት ተጽፎ መጋዘን ውስጥ ተለጥፏል። በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ መነሳት ነው።

ዝላይና ውርወራ

የርዝመት ዝላይ አሸዋ ቢያንስ 2.75 ሜትር ስፋትና 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያስፈልገዋል። የእኛ ደርቆ ሲሚንቶ ሆኖ ነበር። ቆፍረን ገለበጥነው። በየቀኑ መገልበጥ አለበት። ለትንንሾቹ መነሻ ጣውላውን ተውነው። 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክልል ቀብተን ከጣታቸው ጫፍ ለካንላቸው። በጣውላው ቢሆን ከግማሽ በላይ ዝላይ ይሰረዝ ነበር። ሦስት ጊዜ ዘልሎ አንድም ያልተለካለት ልጅ በአራተኛው አይመጣም።

የአሎሎ ክቡ ዲያሜትር 2.135 ሜትር ነው። የውርወራው ክልል 34.92 ዲግሪ ነው። ዲግሪ በሜዳ ላይ መለካት ያስቸግራል። ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው፦ ከክቡ መሀል በየትኛውም ርቀት ላይ የሁለቱ መስመሮች ስፋት የርቀቱ 60 በመቶ ነው። 20 ሜትር ላይ 12 ሜትር። ከ18 በታች 5 ኪሎ፣ ከዚያ በታች ያሉት 4 እና 3። ሁሉም ወርውሮ ፊሽካ ሲነፋ ብቻ ነው የሚለቀመው።

የከፍታ ዝላይ ዘንድሮ የለም። ያለን ፍራሽ ቀጭን ነው፣ በጀርባ ለመውደቅ አይሆንም። በቂ ፍራሽ ለመግዛት የቀረው በጀት አልበቃም። ጦርም አልተፈቀደም።

የመለኪያ ሳምንታት

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ሞላ። አረንጓዴ ተመለሰ። ዓመቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ያላየኋቸው ልጆች ለአሎሎ ተሰለፉ። አንድ ወፍራም ልጅ ሩጫ ይጠላል፤ አሎሎውን ግን በመጀመሪያ ሙከራው ከመለኪያው አሳለፈ። የሀውሱ ልጆች ለትልቁ ቀን ራሳቸው መረጡት።

የስፖርት ቀን

እያንዳንዱ ሩጫ ሁለት ነው፦ ሀ እና ለ። አራት ሌን፣ አራት ልጅ። ነጥቡ እኩል። 10፣ 6፣ 3፣ 1። እኩል ከገቡ ነጥቡ ይደመርና ይካፈላል፤ ሁለት ልጆች ሁለተኛ ቢሆኑ 6 እና 3 ተደምሮ ለእያንዳንዱ 4.5።

ሰዓት በእጅ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰዓት ያዥ ድምፁን የሚሰማው 0.3 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ሰዓቱን በድምፅ ካስነሳ ሁሉም ልጅ ፈጣን ይሆናል። ስለዚህ አስነሺው ሁለት ጣውላ ከራሱ በላይ ያጋጫል፤ ሰዓት ያዡ ጣውላው ሲጋጠም በዓይኑ አይቶ ይጫናል። ጣውላዎቹን ብርቱካናማ ቀባናቸው። ለአንደኛ ሦስት ሰዓት ያዥ አለ፤ የመሀለኛው ይወሰዳል። የእጅ ሰዓት ወደ ቀጣዩ አንድ አሥረኛ ከፍ ይላል፤ 12.41 ከሆነ 12.5 ይጻፋል።

ጠዋት ላይ 40 ደቂቃ ዘገየን። ምክንያቱ ሯጮችን መፈለግ ነው። ከ15 በታች የ100 ሜትር ልጅ ርዝመት ዝላይ ላይ ነው፤ የአሎሎው ልጅ ውሃ ሊጠጣ ሄዷል። ከእረፍት በኋላ አንድ መምህር መጥሪያ ቦታ ላይ ቆሞ ከሁለት ውድድር በፊት ልጆቹን ሰበሰበ። የሜዳ ስፖርቶቹ ከሩጫ ጋር የማይጋጭ ምድብ እንዲይዙ አዛወርን። ከሰዓቱ ጋር እኩል ጨረስን።

ገመድ ጉተታ የመጨረሻው ነው። ከ1900 እስከ 1920 በኦሎምፒክ ውስጥ የነበረ ስፖርት ነው። ስምንት ለስምንት፣ አራት ሜትር የጎተተ ያሸንፋል፣ ከሦስት ሁለት። ከ15 በታች ምድብ በክብደት ድምር ገደብ ተወዳደረ። ስለዚህ አንድ ግዙፍ ልጅ ያስገባ ቡድን ቀሪውን በቀጫጮች ይሞላል። ገመዱን እጅ ላይ መጠቅለል ክልክል ነው፤ ጣት ይቆርጣል። ከእያንዳንዱ ጉተታ በፊት ዳኛው የስምንቱንም እጅ አየ።

ድምር

ኤክሴሉና የወረቀቱ ዝርዝር በሁለት ነጥብ ተጣሉ። የእኩል መግባት ስሌት ነበር። በወረቀቱ አረምነው።

ቢጫ አሸነፈ። ቀይ ሁለተኛ፣ አረንጓዴ ሦስተኛ፣ ሰማያዊ አራተኛ። ቀይ በሀ ውድድሮች ብቻ ቢሆን ኖሮ በሰፊው ያሸንፍ ነበር። ለ ቡድኖቹና የመለኪያ ነጥቡ ናቸው ያገላበጡት። የቀይ አምበል መጥቶ የመለኪያ ዝርዝሩን ጠየቀኝ። ከሀውሱ ያልሞከሩ ልጆችን ስም እየቀዳ ሄደ።

ለሚቀጥለው ዓመት የተስማማንበት ጥቂት ነው። የመለኪያ ነጥብ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ይጀምራል። የፒንግፖንግ መሰላሉ አይነሳም፤ ካለበት ይቀጥላል። የከፍታ ዝላይ ፍራሽ የመጀመሪያው ግዢ ነው፣ ማልያ አይታሰብም። ከ15 በታች የቅርጫት ኳስን ከልደት ቀን በተጨማሪ በቁመት ከፍለን እንሞክራለን። ልጆቹ ሲለኩ ለብቻቸው ይሁን፣ ቁጥሩም አይለጠፍ ብለናል። የወላጅ ፈቃድ ቅጹ ከምዝገባው ቅጽ ጋር አብሮ ይወጣል።